ስለ ቴምብር የሙከራ እትም እውነተኛነትና ስለ ሐረር የፖስታ ማኅተም

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጉዳይ በመጀመሪያ ሲታይ ጥቃቅን ነገር ይመስላል። ይኸውም አንድ ቴምብር ወይም አንድ ባለ ሥዕል ካርድ በብዛት ከመታተሙ በፊት ማተሚያ ቤቱ ለሙከራ የሚያወጣው እትም፣ እውነተኛው ከሐሰተኛው በምን ተለይቶ ይታወቃል? የሚለው ጥያቄ ነው። ነገሩ የሰብሳቢዎች ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ መጽሔት ላይ ቦታ ባልጠየቅንለት ነበር። ነገር ግን የሐረር ማኅተም የተመታበት ወረቀት ሁሉ ስለ ከተማይቱ ታሪክ እመሰክራለሁ ባይ ስለ ሆነ፣ ምስክሩን መመርመር የታሪክ ተማሪ ግዴታ ነው ብለን እናምናለን።

በሌላው ዓለም ይህ ጥያቄ በብዛት የሚነሣው በስፖርተኞች ካርድ ላይ ነው። በአሜሪካ ከሲጋራ ፓኬት ጋር ይሰጡ የነበሩት የቤዝቦል ተጫዋቾች ካርዶች ዛሬ እንደ ዕንቁ ይሸጣሉ፤ የሙከራ እትማቸው ሲገኝ ደግሞ ዋጋው ከዚያም ያልፋል። በእኛ አገር የካርዱን ቦታ የያዘው ቴምብር ነው። በጥር 1954 ዓ.ም. (1962 እ.ኤ.አ.) ቡድናችን በአዲስ አበባ የሦስተኛውን የአፍሪካ እግር ኳስ ዋንጫ ባነሣ ጊዜ እንኳ ለውድድሩ መታሰቢያ የወጣው ቴምብር ነበር። እኛም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ከመምህራኑ ደብዳቤ ላይ እያነሣን እንሰበስብ የነበረው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ስለ ካርድ የሚባለውን ሁሉ ወደ ቴምብር አዙረን ብንናገር ከጉዳዩ አንወጣም።

የአገራችን የመጀመሪያ ቴምብሮች በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1894 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ታትመው በ1887 ዓ.ም. በሥራ ላይ ዋሉ። ቅርጻቸውን ያወጣው ፈረንሳዊው ኧዤን ሙሾን ነው። ዋጋቸው ሩብ፣ ግማሽ፣ 1፣ 2፣ 4፣ 8 እና 16 ግርሽ ሲሆን፣ በመጀመሪያዎቹ አራት ላይ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፣ በቀሩት ሦስት ላይ የይሁዳ አንበሳ ይታያል። በዚያን ጊዜ ሐረር ወደ ምኒልክ መንግሥት ከገባች ገና 8 ዓመት አልሞላትም ነበር፤ ገዥዋም መኰንን ወልደ ሚካኤል ነበሩ። የባቡሩ ሐዲድ በ1902 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ድሬዳዋ እስኪደርስ ድረስ ከመሐል አገር ወደ ጅቡቲ ጠረፍ የሚወርደው መልእክት ዋና ማረፊያው ሐረር ነበረች። እንግዲህ የሐረር ማኅተም ያለበት የምኒልክ ቴምብር ተፈላጊ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ያልተሠራበት ቴምብር በፓሪስ ለሰብሳቢዎች ብዙ ተሽጧል፤ በእውነት መንገድ የሄደው ግን ጥቂት ነው። ሐሰትም የሚበቅለው ፈላጊ ብዙ፣ ዕቃው ጥቂት በሆነበት ስፍራ ነው።

አሁን የሙከራ እትም ምን እንደ ሆነ እንወስን። ቀራጩ ሥራውን በብረት ላይ ከቀረጸ በኋላ መስመሩ መልካም መሆኑን ለማየት በወፍራም ወረቀት ላይ አንድ ሁለት ጊዜ ያትመዋል፤ ይህ የቀራጭ ሙከራ ነው። ቀጥሎ የትኛው ቀለም እንደሚስማማ ለማየት አንዱ ቅርጽ በልዩ ልዩ ቀለም ይታተማል፤ ይህ የቀለም ሙከራ ነው። በመጨረሻም ብዙ ቅርጽ በአንድነት የተሰለፈበት ሰሌዳ ከተዘጋጀ በኋላ፣ ጥርስ ሳይበሳለትና ሙጫ ሳይቀባ አንድ ሉክ ወረቀት ይወጣል፤ ይህ የሰሌዳ ሙከራ ነው። ሦስቱም የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር አላቸው፤ ሥራው ገና በመሠራት ላይ ሳለ፣ ለሥራው ሲባል የታተሙ ናቸው።

የመጀመሪያው ትችታችን የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። በገበያ «ፕሩፍ» የሚባለው ቃል ጥርስ ለሌለው ቴምብር ሁሉ ይሰጣል። ጥርስ የሌለው ሁሉ ግን የሙከራ እትም አይደለም። ከተራ ቴምብር ላይ ጥርሱን በመቀስ ከርክሞ ማውጣት ለማንም ቀላል ነው። ይህን ለማወቅ ማስመሪያ ይበቃል፤ ጥርስ ያለውን እውነተኛ ቴምብር ከጥርሱ ጫፍ እስከ ጥርሱ ጫፍ ለክቶ፣ ተጠርጣሪው ከዚያ ያነሰ ከሆነ ጥርጣሬው ይጸናል። ጥርስ የሌላቸው ሁለት ቴምብሮች ሳይለያዩ አንድ ላይ ከተገኙ ግን ለመከርከም ክስ መልካም መልስ ይሆናሉ። ከዳር መከርከም በካርዱም ዓለም የታወቀ ደዌ ነው። ከ1909 እስከ 1911 እ.ኤ.አ. ከወጡት የትምባሆ ካርዶች ውስጥ የተጫዋቹ የሆነስ ዋግነር ካርድ ከሁሉ ይልቅ ታዋቂ ነው። የዚያ ካርድ ምርጥ የሚባለው ቅጂ ከፍተኛ ደረጃ ተሰጥቶት በብዙ ገንዘብ ሲሸጥ ከኖረ በኋላ፣ ቀድሞ የሸጠው ነጋዴ ጠርዙን እንደ ከረከመው በ2013 እ.ኤ.አ. በፍርድ ቤት አምኗል። ከዚያው ካርድ ዘመን አምስት ተጫዋቾች በአንድ ተርታ የታተሙበትና የመቁረጫ መስመር የተሰመረበት የሙከራ እትምም ይታወቃል። የሙከራ እትሙን የሙከራ እትም ያሰኘው የጥርስ ወይም የጠርዝ ጕድለት ሳይሆን፣ የማተሚያ ቤቱ ሠራተኛ ለሥራው የተወው ምልክት መሆኑን ልብ ይሏል።

ሁለተኛው ስሕተት ከዚህ የረቀቀ ነው። አንዳንድ ሰዎች «ከዚያው ከመጀመሪያው ቅርጽ ከታተመ እውነተኛ ነው» ብለው ይከራከራሉ። ይህ አነጋገር በብረቱ በኩል እውነት ነው፤ በታሪኩ በኩል ግን ሐሰት ነው። በ1919 እ.ኤ.አ. በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን የወጡትን፣ የዱር አራዊት ሥዕል ያለባቸውን ቴምብሮች እንመልከት። እነዚህ ቴምብሮች ኋላ ለሽያጭ ሲባል እንደ ገና ታትመዋል። የመጀመሪያዎቹ ሙጫ ነጭና ለስላሳ ነው፤ የኋለኞቹ ግን ቡናማና በሰያፍ የተሰነጠቀ ነው። ከኋለኞቹ መካከል ጥርስ የሌላቸው፣ መካከለኛው ሥዕል የተገለበጠባቸውም አሉ። ለማያውቅ ሰው እነዚህ የሙከራ እትም ወይም ብርቅ የማተሚያ ቤት ስሕተት ይመስሉታል። የራስ መኰንን መልክ ያለበት የ1931 እ.ኤ.አ. ስብስብም እንዲሁ እንደ ገና ታትሟል፤ የኋለኛው ወረቀት ከፊተኛው የሳሳና የነጣ ነው። ለአንድ የሐረር ልጅ የራስ መኰንን ቴምብር ትልቅ መታሰቢያ ስለ ሆነ፣ በየትኛው ወረቀት ላይ እንዳለ ማወቁ ከንቱ ጥንቃቄ አይደለም። እንግዲህ መጠይቃችን «ቅርጹ የማን ነው?» የሚል ብቻ ሳይሆን «መቼና ለምን ታተመ?» የሚል መሆን አለበት።

ለዚህ መልስ የሚሰጡ ምስክሮች አራት ናቸው፤ ወረቀት፣ አስተታተም፣ ማኅተምና የመጣበት መንገድ። በዚህ ረድፍ ያስቀመጥናቸው ለመመርመር ከሚቀለው ወደሚከብደው ነው።

ስለ ወረቀት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወረቀት ፋብሪካዎች ነጣ ያለ ወረቀት ለማውጣት ልዩ ማንጫ መድኃኒት መጨመር አዘወተሩ። እንዲህ ያለው ወረቀት በሐምራዊው የገንዘብ መመርመሪያ መብራት ሥር ሲገባ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ያበራል። በ1894 እ.ኤ.አ. የተሠራ ወረቀት ግን እንዲህ ሊያበራ አይችልም። መብራቱ ዛሬ በብዙ ሱቅና በባንክ መስኮት ስለሚገኝ ምርመራው ወጪ የለውም።

ስለ አስተታተም። የምኒልክ ቴምብሮች የታተሙት ቀለሙ ከፍ ባለው የቅርጹ ክፍል ላይ ተቀብቶ በወረቀቱ ላይ በሚጫንበት ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ መስመሩ ያልተቆራረጠ ይሆናል፤ ቀለሙ ወደ መስመሩ ዳር ተገፍቶ ጠርዙን ያጠቁረዋል፤ ጫናው በጀርባ በኩልም ጥቂት ሊታወቅ ይችላል። ዛሬ በኮምፒዩተር ማተሚያ የተገለበጠ ሥዕል ግን በማጉሊያ መነጽር ሲታይ በጥቃቅን ነጠብጣብ የተሠራ ነው። የነጠብጣብ ነገር ሲነሣ በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በፖኬሞን ካርዶች ላይ የደረሰው መታወስ አለበት። ጨዋታው ገና ሲፈጠር በ1996 እ.ኤ.አ. እንደ ተሠሩ ተደርገው የቀረቡ የሙከራ ካርዶች የእውነተኛነት ማረጋገጫ አግኝተው በብዙ ገንዘብ ተሽጠው ነበር። ኋላ ግን ሰብሳቢዎች የቀለም ማተሚያ መሣሪያ በወረቀት ላይ በስውር የሚተዋቸውን ቢጫ ነጥቦች አንብበው፣ ከካርዶቹ አንዳንዶቹ በ2024 የታተሙ መሆናቸውን አሳዩ። ሐሰተኛው የፊተኛውን ዘመን መልክ ሲቀዳ የራሱን ዘመን መሣሪያ መደበቅ አልቻለም።

ስለ ማኅተም። ኢትዮጵያ የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው ጥቅምት 22 ቀን 1901 ዓ.ም. (1 ኖቬምበር 1908 እ.ኤ.አ.) ነው። ከዚያ በፊት የምኒልክ ቴምብር የሚያገለግለው በአገር ውስጥ ስለ ነበረ፣ ከሐረር ወደ አውሮፓ የሚሄድ ደብዳቤ በጠረፍ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ቴምብር እንዲጨመርበት ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ ከዚያ ዘመን በፊት የተጻፈ፣ ወደ ማርሴይ ወይም ወደ ፓሪስ የተላከ፣ የሐረር ማኅተም ያለበት ፖስታ የፈረንሳዩ ቴምብር ከሌለበት በጥብቅ ሊመረመር ይገባል። የዓለም ካታሎጎችም በእነዚህ የመጀመሪያ ቴምብሮች ላይ ሐሰተኛ ማኅተም እጅግ የበዛ መሆኑን ያስጠነቅቃሉ።

ይህን ሁሉ ከነገር ወደ ሥራ ለማምጣት፣ ባለፈው ዕረፍት በጁገል ውስጥ ያየነውን አንድ ካርድ እንጥቀስ። ከፈረስ መጋላ ብዙ በማይርቅ ሱቅ ውስጥ በወፍራም ወረቀት ላይ የምኒልክ መልክ ያለበት ባለ 2 ግርሽ ቅርጽ በጥቁር ቀለም ታትሞ፣ በላዩም የሐረር ማኅተም ተመትቶበት አየን። ዋጋው የአንድ ተማሪን የብዙ ወር ወጪ የሚጠይቅ ነበር። አንድ የሐረር ተወላጅ ጓደኛችን ለከተማው ሙዚየም ለማበርከት በማሰብ ገንዘብ እናዋጣ እስከ ማለት ደርሶ ነበር። «ጋሼ፣ ይህ ከማን ቤት የወጣ ነው?» ብለን ባለ ሱቁን ብንጠይቃቸው፣ «ከሰው ቤትስ አይደለም፤ ከአዲስ አበባ ከመጣ ሰው ነው የገዛሁት፤ እሱም ከሌላ ሰው ነው ያለኝ» አሉን። ሳይደብቁ ስለ ነገሩን እናመሰግናቸዋለን።

ካርዱን ከነገሩ ባሕርይ ብንመረምረው ሁለቱ የሚመሰክራቸው ነገሮች እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። የቀለም ሙከራ ከሆነ የታተመው በፓሪስ ለቀራጩና ለባለ ሥልጣኑ ሊታይ ነው፤ በሐረር የፖስታ መስኮት የተሸጠ ቴምብር አይደለም፤ ሙጫም የለውም። ማኅተም የሚመታው ደግሞ የፖስታ ዋጋ በተከፈለበት ነገር ላይ ነው። አንዱ እውነት ከሆነ ሌላው ማብራሪያ ይፈልጋል። አንድ ባለ ሥልጣን ለወዳጁ ብሎ አስመትቶት ይሆናል የሚል ሰው አይጠፋም። ይሁን እንጂ ማጉሊያ መነጽሩ ክርክሩን አሳጠረው፤ የንጉሠ ነገሥቱ መልክም ማኅተሙም በአንድ ዓይነት ነጠብጣብ የተሠሩ ነበሩ። ሥዕሉና ማኅተሙ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ መሣሪያ፣ ከአንድ ፎቶግራፍ ተገልብጠዋል ማለት ነው። ጓደኛችን ገንዘቡን ወደ ኪሱ መለሰ፤ ባለ ሱቁም በማጉሊያው አይተው ካርዱን ከመስተዋቱ ሥር አነሡት።

ከዚህ አንድ ደንብ እናወጣለን። እያንዳንዱ ምርመራ ሐሰተኛውን ሊያስፈርድበት ይችላል፤ ብቻውን ግን እውነተኛውን ነፃ ሊያወጣው አይችልም። ወረቀቱ በመብራት አለማብራቱ አሮጌ መሆኑን ቢያመለክት፣ በአሮጌ ወረቀት ላይ ትናንት አልታተመም ማለት አይደለም። በፈረንሳይ አገር ይኖር የነበረው ዣን ደ ስፔራቲ ርካሽ የሆኑ እውነተኛ ቴምብሮችን ቀለማቸውን አጥቦ፣ በዚያው አሮጌ ወረቀት ላይ ውድ የሆነውን ያትም ነበር። በ1942 እ.ኤ.አ. ወደ ሊዝበን የላከውን ጉምሩክ ይዞ ሀብት ያለ ፈቃድ አሸሽተሃል ብሎ ቢከሰው፣ «ሐሰተኛ ናቸው፤ የሠራኋቸው እኔ ነኝ» ብሎ ተከራከረ፤ የተጠሩት ባለሙያዎች ግን እውነተኛ ናቸው ብለው መሰከሩ። እንግዲህ የባለሙያ ወረቀት ብቻውን መደምደሚያ ሊሆን አይገባውም። በእኛ አመለካከት ማረጋገጫ ወረቀት የሚከበረው ምክንያቱን ጽፎ ሲያሳይ ነው፤ ምክንያቱን ሳይናገር «እውነተኛ ነው» የሚል ወረቀት ከሻጩ ቃል አይበልጥም።

በአንድ በኩል ግን እኛ ከውጭ አገር ባለሙያ የምንሻልበት ነገር አለ፤ እርሱም ፊደሉ ነው። በምኒልክ ቴምብሮች ላይ በ1901 እ.ኤ.አ. በላቲን ፊደል «ኤትዮፒ» የሚል ጽሑፍ ተመታባቸው፤ ቀጥሎም በየጊዜው በአማርኛ «ቦስታ»፣ «መልክት»፣ «ምኒልክ»፣ «ዳግማዊ» የሚሉ ቃላት ተመቱባቸው። እነዚህ ጽሑፎች የቴምብሩን ዋጋ ብዙ እጥፍ ስለሚያሳድጉ ሐሰተኛው በብዛት ሠርቷቸዋል። ፊደሉን የማያውቅ ሰው «ል»ን አይጽፋትም፤ ይሥላታል እንጂ። እግሯ የሚታጠፍበትን፣ ራሷ የሚከብድበትን አያውቅም። አማርኛ ያነበበ ዓይን ይህን ቶሎ ያያል። ነገር ግን በዚህም ቢሆን መቸኮል አይገባም፤ እውነተኛውን የማኅተም ብረት የቀረጸውም ሰው ፊደሉን የማያውቅ ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ የፊደል አለማማር ብቻውን ሐሰተኛነትን አያስረዳም፤ እርግጠኛ ከሆነ እትም ጋር ጎን ለጎን ተደርጎ ሲለካ ብቻ ነው የሚመሰክረው።

ዋናው ችግር ከዚህ ላይ ይገለጣል። ከምን ጋር እናስተያየው? ማስተያያ የሌለው መርማሪ በጨለማ የሚዳኝ ዳኛ ነው። በአዲስ አበባ የፖስታ ሙዚየም አለ፤ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየምም የቴምብር ስብስብ ይታያል። በሐረርም ቢሆን የሸሪፍ ሙዚየም የከተማይቱን ጥንታዊ መጻሕፍትና ገንዘቦች አቅፎ ይገኛል። ይህች ከተማ ወረቀት መመርመርን ከሌላ መማር የማያስፈልጋት ናት። የሐረር ጥንታውያን የእጅ ጽሑፎች ብዙዎቹ ከኢጣልያ በመጣ ወረቀት ላይ የተጻፉ ናቸው፤ ወረቀቱ ወደ ብርሃን ሲያዝ ሦስት ጨረቃዎች ይታዩበታል። ጽሑፉ ዘመኑን ባይናገር የጨረቃዎቹ ምልክት ወረቀቱ ከየት እንደ መጣና ከመቼ በፊት ሊጻፍ እንደማይችል ይጠቁማል። መጽሐፍን እንዲህ አድርጎ የሚያነብ አገር ቴምብርን በሻጭ ቃል መቀበል አይገባውም።

ስለዚህ የምናሳስበው ይህ ነው። በሐረር፣ ከነባሩ ስብስብ ጎን፣ አንድ አነስተኛ የማስተያያ መዝገብ ይቋቋም። በውስጡ እርግጠኛ የሐረር ማኅተም ያለባቸው ፖስታዎች ፎቶግራፍ ከነልካቸው ይቀመጥ፤ እያንዳንዱ ከማን ቤት እንደ ወጣና በማን እጅ እንዳለፈ ባለቤቱ እየፈቀደ ይጻፍ። ከዚህም ጋር ሐሰተኞቹ ይሰብሰቡ እንጂ አይጣሉ። የጄኔቩ ፍራንስዋ ፉርኒዬ ይሸጣቸው የነበሩት የቴምብር ግልባጮች እርሱ ከሞተ በኋላ በከተማው ሰብሳቢዎች ማኅበር እጅ ገብተው፣ ናሙናቸው በ1928 እ.ኤ.አ. በአልበም ተዘጋጅቶ ለመርማሪዎች መማሪያ ሆኗል። የስፔራቲንም ክምችት በ1954 እ.ኤ.አ. የብሪታንያ የቴምብር ሰብሳቢዎች ማኅበር የገዛው ከገበያ ለማስወገድና ለመማር ነው። በጁገል ያየነው ካርድ እንኳ በመዝገብ ውስጥ «ሐሰተኛ» ተብሎ ቢቀመጥ፣ ከመስተዋት ሥር ለሽያጭ ከመቀመጡ ይልቅ ለሐረር ይጠቅማታል።

በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። የተለያየ ችግር ባለበት ከተማ የቴምብር መዝገብ ምን ይሠራል? የሚል ነው። መልሳችን አጭር ነው። የሐረር ቤተሰቦች በየሣጥናቸው የያዙት አሮጌ ፖስታ ዛሬ ዋጋው የሚቆረጠው በውጭ አገር ነው፤ እውነተኛውን የያዘ ሰው ማስረጃ ስለሌለው በርካሽ ይሸጣል፤ ሐሰተኛውን የገዛም ሰው ማስረጃ ስለማይጠይቅ ይከስራል። ሁለቱም ጉዳት የሚመጣው ከአንድ ምክንያት፣ ይኸውም የማስተያያ መዝገብ ካለመኖሩ ነው። የጉዳዩ ጥቃቅንነት በወረቀቱ መጠን እንጂ በሚያስከትለው ነገር አይደለም።

በመጨረሻ የጥናታችንን ፍሬ በአጭሩ እናስቀምጠው። የሙከራ እትም እውነተኛነት በብርቅነቱ፣ ጥርስ በማጣቱ፣ ወይም ከጥንቱ ቅርጽ በመታተሙ ብቻ አይረጋገጥም፤ ቴምብሩ በሚሠራበት ጊዜ፣ ለሥራው ሲባል የታተመ መሆኑን ወረቀቱ፣ አስተታተሙና የመጣበት መንገድ አንድ ሆነው ሲመሰክሩ ብቻ ነው የሚረጋገጠው። ማኅተም ካለበት ደግሞ ማኅተሙ ለብቻው ይመርመር። ከሐረር የመጡ ተማሪዎች በሚቀጥለው ዕረፍት ወደየቤታቸው ሲመለሱ፣ የአያቶቻቸውን ሣጥን ከመክፈታቸው በፊት አንድ ማጉሊያ መነጽርና አንድ ደብተር ይዘው እንዲሄዱ በአክብሮት እናሳስባለን።